ሰርተፍኬት እያለ ተቆጣጣሪው ለምን ከሙከራው ጎን ይቆማል?

ጥያቄው፦ «በአሜሪካ ለናሳ ሳተላይቶች የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን በሚሠራ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ በሙከራ ክፍል ከተቀጠርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ድርጅታችን የጥራት ሥርዓት ሰርተፍኬት አለው፤ አቅራቢዎቻችንም ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር የሙከራ ማስረጃ ይልካሉ። ይህም ሆኖ የመንግሥት ተቆጣጣሪው ‹እኔ ሳላይ አይሆንም› እያለ ሥራ ያስቆማል። ባለፈው ሳምንት በንዝረት ሙከራ ላይ ሁለት መለኪያዎች የተለያየ ቁጥር ሰጡን፤ ኃላፊያችን አንደኛው የቆየ ስለሆነ ይተው አለ። ሌላ አንድ ሙከራ ደግሞ ሣጥኑ ከዚህ በፊት ከበረረ ሣጥን የተቀዳ ነው ተብሎ እንዲቀር ታስቧል። ለመሆኑ ስታንዳርዱ ሕግ ነው ወይስ ምክር? ሙከራ ይቅር ለማለትስ ሥልጣን ያለው ማን ነው?»

መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ስለ ስታንዳርዱ ያለው ግንዛቤ ነው። ስታንዳርድ በራሱ ሕግም ምክርም አይደለም፤ የሚያስገድደው በውሉ ውስጥ ሲጠቀስና በፕሮግራሙ የማረጋገጫ ዕቅድ ውስጥ በቁጥር ሲሰፍር ነው። የናሳ ጎዳርድ የበረራ ማዕከል ያወጣውና ባለሙያዎች «ጄቭስ» እያሉ የሚጠሩት ስታንዳርድ ለንዝረት፣ ለድምፅ ግፊት፣ ለሙቀትና ለቫክዩም ሙከራዎች መነሻ መጠኖችን ይሰጣል። ፕሮጀክቱ ደግሞ እነዚህን መጠኖች ለሚጠቀምበት ሮኬት፣ ለሚሄድበት ምሕዋርና ለተልዕኮው የአደጋ ደረጃ አመቻችቶ የራሱን ዕቅድ ይጽፋል። የአውሮፓ የሕዋ ፕሮግራሞች የሚመሩባቸው የኢሲኤስኤስ ስታንዳርዶችም ለየፕሮጀክቱ እንዲመጠኑ ታስበው የተጻፉ ናቸው። ናሳ ተልዕኮዎቹን ከ«ኤ» እስከ «ዲ» በአራት የአደጋ ደረጃዎች ስለሚከፍል፣ በ«ኤ» ደረጃ የማይታለፍ ሙከራ በ«ዲ» ደረጃ ሊቀልል ይችላል። ስለዚህ በሥራ ቦታዎ የሚያነሡት ጥያቄ «ስታንዳርዱ ያስገድዳል ወይ?» የሚል ሳይሆን «በውላችን የትኛው እትም ተጠቅሷል፣ የማረጋገጫ ዕቅዳችንስ ስለዚህ ሣጥን ምን ይላል?» የሚል ይሁን። በዕቅዱ ውስጥ የገባ ሙከራ የውል ግዴታ ነው፤ በአለቃ ቃል ብቻ አይቀርም።

የተቆጣጣሪውም ሥልጣን እንዲሁ በጽሑፍ የተወሰነ ነው። በሙከራው የአሠራር ሰነድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነጥቦች አሉ። አንደኛው ተቆጣጣሪው መጥቶ ካላየና ካልፈረመ በቀር ሥራው ወደሚቀጥለው እርምጃ የማያልፍበት የግዴታ መቆሚያ ነው። ሁለተኛው ተቆጣጣሪው አስቀድሞ እንዲያውቅ የሚደረግበት፣ ካልመጣ ግን ሥራው የሚቀጥልበት የመመልከቻ ነጥብ ነው። ተቆጣጣሪዎ ያስቆመው በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ከሆነ ትክክል ነው፤ መፍትሔውም ሙከራው ከሚካሄድበት ቀን ቀደም ብሎ ማሳወቅ እንጂ መነታረክ አይደለም። በሰነዱ ላይ በሌለ ቦታ ካስቆመ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ በአክብሮት ይጠይቁ። ከዚህ አልፎ በቃል «ይህንንም ጨምሩ» ወይም «ይህኛው ይቅር» ቢል፣ ውሉን የመለወጥ ሥልጣን የመንግሥት የውል ኃላፊው ብቻ መሆኑን አይርሱ። በቃል የተጨመረም ሆነ የተቀነሰ ሙከራ በኋላ ሁለታችሁንም ያስጠይቃል።

ቁጥሮቹን በሚመለከት በጀማሪ ባለሙያዎች ዘንድ ደጋግሜ የማየው መደናገር የመቀበያ ሙከራን (የተሠራውን ዕቃ የሚፈትነውን) ከብቃት ማረጋገጫ ሙከራ (ንድፉን ከሚፈትነው) ጋር መቀላቀል ነው። በጄቭስ ከ22.7 ኪሎ ግራም ለማይበልጥ ክፍል የተሰጠው አጠቃላይ የዘፈቀደ ንዝረት መጠን ለመቀበያ 10.0፣ ለብቃት ማረጋገጫ 14.1 ጂ አርኤምኤስ (በምድር ስበት ልክ የሚገለጽ አማካይ የንዝረት ብርታት) ነው። ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ነው፤ በሌላ አነጋገር የንዝረቱ ኃይል በእጥፍ ያድጋል። ለሙከራ ብቻ የተሠራ ናሙና ይህን መጠን በእያንዳንዱ አቅጣጫ ለ2 ደቂቃ ይቀበላል። የሚበረው ዕቃ ራሱ ለብቃት ማረጋገጫም ሲያገለግል፣ ማለትም ፕሮቶፍላይት በምንለው አሠራር፣ መጠኑ እንዳለ ሆኖ ጊዜው ወደ 1 ደቂቃ ይወርዳል። የመቀበያ ሙከራ የሚያጋልጠው የእጅ ሥራ ጉድለትን ነው፤ ያልጠበቀ ብሎን፣ በደንብ ያልያዘ የሶልደር ብየዳ፣ የተቆነጠጠ ሽቦ። ንድፉ ራሱ ደካማ ከሆነ ግን የመቀበያ ሙከራን አልፎ በሮኬቱ ላይ ሊሰበር ይችላል። «ሙከራውን አልፏል» የሚል ወረቀት ሲመጣልዎ መጀመሪያ የትኛውን ሙከራ እንዳለፈ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ሰርተፍኬቱ ልምጣ። የጥራት ሥርዓት ሰርተፍኬት የሚናገረው ድርጅቱ ሥርዓት እንዳለው ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሣጥን ላይ ምን እንደተደረገ አይናገርም። የአቅራቢ የሙከራ ማስረጃ ደግሞ የሚያወራው አቅራቢው አየሁ ያለውን ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ2009 ኦርቢቲንግ ካርቦን ኦብዘርቫቶሪ፣ በ2011 ደግሞ ግሎሪ የተባሉ ሁለት የናሳ ሳተላይቶች በታውረስ ኤክስኤል ሮኬት ተነሥተው ምሕዋር ሳይደርሱ ቀሩ። በሁለቱም ጊዜ የሮኬቱ አፍንጫ ሽፋን ሳይላቀቅ በመቅረቱ ክብደቱን ተሸክሞ የሚፈለገው ፍጥነት ላይ መድረስ አልተቻለም። ናሳ በ2019 ይፋ ባደረገው የምርመራ ውጤት መሠረት፣ ሽፋኑ እንዲላቀቅ መሰበር በነበረበት መጋጠሚያ ላይ የዋለውን አልሙኒየም ያቀረበው ሳፓ ፕሮፋይልስ የጥንካሬ ሙከራ ውጤቶችን ለ19 ዓመታት ሲለዋውጥ ኖሯል። ለናሳ የደረሰው ኪሳራ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ኩባንያው ለመንግሥትና ለሌሎች ደንበኞቹ እንዲከፍል የተስማማው ደግሞ 46 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የምድርን ካርቦንና ከባቢ አየር ለማጥናት ዓመታት የደከሙ ሰዎችን ልፋት የሚመልስ ክፍያ ግን የለም። ከዚህ የምወስደው አሠራር ቀላል ነው፤ ቢሰበር ወይም ባይሰበር ተልዕኮውን የሚገድል ክፍል ከሆነ፣ ከመጣው ብረት ላይ ቁራጭ ተቆርጦ ከአቅራቢው ጋር የጥቅም ግንኙነት በሌለው ላቦራቶሪ መፈተሽ አለበት። ይህ ለሁሉም ብሎን ይደረግ አልልም፤ አቅምም ጊዜም አይበቃም። ተልዕኮው የሚንጠለጠልባቸው ጥቂት ክፍሎች ግን በወረቀት ብቻ ማለፍ የለባቸውም።

ማጭበርበር ባይኖርም እንኳ ወረቀት ዓይንን ሊተካ እንደማይችል የሚያሳየው የሴፕቴምበር 6 ቀን 2003 አደጋ ነው። በካሊፎርኒያ ሰኒቬል በሎክሂድ ማርቲን ፋብሪካ ውስጥ ኖዋ-19 የተባለውን የአየር ሁኔታ ሳተላይት ከቆመበት ወደ ጎን ለማስተኛት በማዞሪያ ጋሪ ላይ ጫኑት። ሳተላይቱን የሚይዘው ሳሕን ከጋሪው ጋር በ24 ብሎኖች መታሰር ነበረበት፤ ብሎኖቹን ግን ሌላ ቡድን አስቀድሞ ፈትቶ ወስዷቸው ነበር። የአሠራር ሰነዱ ብሎኖቹ መኖራቸው በዓይንና በእጅ እንዲረጋገጥ ያዛል። ኃላፊው ግን ያረጋገጠው ከቀደመ ሥራ የቀረ ወረቀት አይቶ ነው። ከቡድኑ አንዱ ባዶ ቀዳዳዎቹን አስተውሎ ቢናገርም ቃሉ ቦታ አላገኘም። ጋሪው ሲያጋድል ሳተላይቱ ተንሸራቶ ኮንክሪት ላይ ወደቀ። ጥገናው 135 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ ሳተላይቱም የተመነጠቀው በፌብሩዋሪ 2009 ነው። ተቆጣጣሪው ከሙከራው ጎን የሚቆመው በእርስዎ ላይ እምነት አጥቶ አይደለም። በሥራው ያልተጠመደና ለመጨረስ የማይቸኩል አንድ ጥንድ ዓይን ቀዳዳው ባዶ መሆኑን እንዲያይ፣ አይቶም «ቁም» ለማለት ማንንም እንዳይፈራ ነው።

ከጥያቄዎ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የሁለቱ መለኪያዎች ነገር ነው። ሁለት መለኪያዎች ሲለያዩ አንዱን መጣል ለኃላፊ ቀላል፣ ለሳተላይት ግን አደገኛ ውሳኔ ነው። የሀብል ቴሌስኮፕ ዋና መስታወት ታሪክ ይህንኑ ይናገራል። 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ሲሞረድ ቅርጹን ይቆጣጠር የነበረው መሣሪያ ውስጥ አንዱ ሌንስ ከቦታው በ1.3 ሚሊ ሜትር ርቆ ተገጥሞ ነበር። ስሕተቱ የመጣው ርቀቱን ከሚለካው ዘንግ ነው። በዘንጉ ጫፍ ላይ ከተደረገው ቆብ ፀረ-ነጸብራቅ ቀለሙ ተልጦ ስለነበር፣ የመለኪያው ብርሃን ዘንጉ ጫፍ ደርሶ በመመለስ ፈንታ ከቆቡ ላይ ተመለሰ። ሌንሱ እስከሚፈለገው ርቀት አልደርስ ሲል ሠራተኞቹ ሮንዴላ ጨምረው አስተካከሉት። በዚህ መሣሪያ የተሞረደው መስታወት እጅግ ለስላሳ ሆኖ ወጣ፤ ግን ጠርዙ ከሚገባው በ2.2 ማይክሮ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሌሎች ሁለት መሣሪያዎች ስሕተቱን አሳይተው እንደነበር ነው። ውጤታቸው ግን «ትክክለኛነታቸው ዝቅ ያለ ነው» ተብሎ ወደ ጎን ተተወ። ቴሌስኮፑ በኤፕሪል 1990 ወጥቶ የደበዘዘ ምስል መላክ ሲጀምር በሉ አለን የተመራው ኮሚሽን ይህን ሁሉ አውጥቶ ጻፈ፤ ምስሉ የተስተካከለውም ጠፈርተኞች በዲሴምበር 1993 ምሕዋር ድረስ ሄደው ማረሚያ መስታወቶች ያሏቸው መሣሪያዎች ከገጠሙለት በኋላ ነው።

በእናንተ የንዝረት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህም የቀረበ ነው፤ መለኪያው ጠረጴዛውን ራሱን ያዛልና። ከሁለቱ መለኪያዎች አንዱ የመቆጣጠሪያ መለኪያ ከነበረና ከእውነተኛው አሳንሶ ካነበበ፣ ሥርዓቱ ንዝረቱ ያነሰ መስሎት ግፊቱን ጨምሯል፤ ሣጥናችሁ ከታዘዘለት በላይ ተነቅንቋል ማለት ነው። አብዝቶ ካነበበም ሣጥኑ የሚገባውን ያህል አልተፈተነም። በሁለቱም ሁኔታ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር የደረሰውን አይገልጽም። ማርች 21 ቀን 2000 ሄሲ የተባለችው የፀሐይ ነበልባል መመልከቻ ሳተላይት በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የንዝረት ጠረጴዛ ላይ ሳለች የደረሰባት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። ጠረጴዛው ተጣብቆ ስለነበር ሥርዓቱ የሚያስፈልገውን ግፊት አብዝቶ ገመተ፤ 2 ጂ ገደማ ሊሰጣት የታሰበችው ሳተላይት 20 ጂ ገደማ ደረሰባት። አካሏና የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቿ ተጎዱ፤ ከጥገና በኋላ የተመነጠቀችው በፌብሩዋሪ 2002 ነው። ስለዚህ አጥብቄ የማሳስበው አንድ ነገር አለ፤ ሙከራ ራሱ ዕቃ ይሰብራል። የሚበር ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጠረጴዛው ተመሳሳይ ክብደት ባለው ማስመሰያ ይሞከር፣ መለኪያዎቹም የካሊብሬሽን (ትክክለኛነታቸው የሚፈተሽበት) ቀናቸው ያላለፈ መሆኑ በሰነድ ሳይሆን በላያቸው ካለው ምልክት ይታይ።

ልዩነቱን ለመፍታት ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለቱን መለኪያዎች ጎን ለጎን አጣብቃችሁ በዝቅተኛ ንዝረት አንብቧቸው፤ ከዚያም ቦታቸውን፣ ቀጥሎም ገመዳቸውን አቀያይሩ። ስሕተቱ መለኪያውን ተከትሎ ከሄደ መለኪያው ነው፣ ገመዱን ከተከተለ ገመዱ ነው፣ በቦታው ከቀረ ደግሞ ሣጥኑ ወይም ማሰሪያው በዚያ ቦታ በእርግጥ የተለየ ንዝረት አለው ማለት ነው፤ ያኔ «የቆየው» የተባለው መለኪያ እውነቱን ሲናገር ነበር። ከሙከራው በፊትና በኋላ የተወሰዱትን የዝቅተኛ ንዝረት ቅኝቶችም አነጻጽሩ። የሣጥኑ ዋና የተፈጥሮ ድግግሞሽ ከ5 በመቶ በላይ ከተንቀሳቀሰ ብዙ ፕሮግራሞች ውስጡ የተላቀቀ ወይም የተሰነጠቀ ነገር አለ ብለው ምርመራ ይጀምራሉ። ክዳኑን ስትከፍቱ በብሎኖቹ ራስ ላይ የተሰመረውን ባለ ቀለም መስመር በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። ብሎኑ ሲጠብቅ ከራሱ እስከ ተቀመጠበት ወለል ድረስ ቀጥ ብሎ የተሰመረው መስመር አሁን ተቆርጦ ከታየ፣ ብሎኑ በፀጉር ስፋት ያህል እንኳ ቢሆን ዞሯል።

ከበረረ ሣጥን ስለተቀዳ ይቅር የተባለውን ሙከራ በተመለከተ፣ ቀድሞ መብረር ትልቅ ማስረጃ መሆኑን አልክድም። የሚያገለግለው ግን ንድፉ፣ ክፍሎቹ፣ አሠራሩና የሚገባበት አካባቢ አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው። ከፀሐይ የሚነፍሱ ቅንጣቶችን ሰብስባ የተመለሰችው የጄኔሲስ መንኮራኩር በሴፕቴምበር 8 ቀን 2004 ፓራሹቷ ሳይከፈት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት የዩታ በረሃ ላይ ተከሰከሰች። የፍጥነት መቀነስን ለይተው ፓራሹቱን ማስከፈት የነበረባቸው ትንንሽ መቀየሪያዎች በንድፉ ላይ ተገልብጠው ተሥለው፣ እንደተሣሉትም ተገጥመው ነበር። ሣጥኑን በሚሽከረከር ማሽን ላይ ጭኖ የመፈተን ዕቅድ ነበር፤ እሱ ቀርቶ ከቀደመችው የስታርደስት መንኮራኩር ንድፍ ጋር በሥዕል ማነጻጸር ተተካ። ማነጻጸሩ ስሕተቱን አላየውም፤ ማሽኑ ግን ባየው ነበር። ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው ጥገና ከተደረገ በኋላ ሙከራን አለመድገም ነው። በዲሴምበር 1999 የጠፋችው ማርስ ፖላር ላንደር እግሮቿ ሲዘረጉ ሴንሰሮቿ መሬት የነኩ የሚያስመስል ምልክት ሊሰጡ ይችሉ ነበር፤ መርማሪዎቹ እጅግ የሚገመተው ምክንያት ሞተሩ በዚህ የተነሣ ከመሬት 40 ሜትር ገደማ ላይ መጥፋቱ ነው አሉ። በእግር መዘርጋቱ ሙከራ ላይ ሴንሰሮቹ በስሕተት ተያይዘው ስለነበር ችግሩ አልታየም፤ የሽቦው ስሕተት ከታረመ በኋላም ሙከራው በሙሉ አልተደገመም።

ሥልጣኑ የማን ነው ላሉት፣ በናሳ ፕሮግራሞች መልሱ ከኮሎምቢያ መንኮራኩር አደጋ በኋላ ግልጽ ሆኗል። የ2003 መርማሪ ቦርድ የቴክኒክ መስፈርቶችንና ከእነሱ የሚሰጡ ፈቃዶችን ሁሉ የሚይዝ፣ ከመርሐ ግብርና ከበጀት ነጻ የሆነ የቴክኒክ ባለ ሥልጣን እንዲቋቋም መክሯል። ዛሬ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ የጊዜና የገንዘብ ኃላፊነት ሲኖረው፣ የምሕንድስናና የደኅንነት ባለ ሥልጣናት በሌላ መሥመር ይጠራሉ። ከመስፈርት ውጪ የመሄድ ፈቃድ የእነሱን ፊርማ ይሻል፤ የተቋራጩ የሙከራ ኃላፊ ፈቃዱን መጠየቅ እንጂ መስጠት አይችልም። ጥያቄውም የሚቀረው ሙከራ ይይዘው የነበረው ጉድለት ምን እንደሆነ፣ ያንን ጉድለት ሌላ የትኛው ሙከራ እንደሚይዘው፣ ካልተያዘም በተልዕኮው ላይ የሚያደርሰውን መግለጽ አለበት። «ጊዜ የለንም» በዚህ ሰነድ ውስጥ ምክንያት ሆኖ አይጻፍም። በውሳኔው የማይስማማ መሐንዲስ ተቃውሞውን በመደበኛ መንገድ አስመዝግቦ ወደ ላይኛው ደረጃ ማድረስ የሚችልበት ሥርዓትም አለ።

ቁጥጥር ገደብ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከማንም በላይ ቁጥጥር ነበረበት፤ ሆኖም በ2018 ከድምፅ ግፊት ሙከራ በኋላ የፀሐይ መከላከያውን ሽፋን የያዙ ማሰሪያዎች ተፈትተው ተገኙ፤ የሞተሩ ቫልቮችም በተሳሳተ ማጽጃ ተጎድተው ነበር። በቶም ያንግ የተመራው ገለልተኛ ቦርድ እነዚህን የመሰሉ የሰው ስሕተቶች 600 ሚሊዮን ዶላር ገደማና 18 ወራት ገደማ እንዳስከፈሉ ገምቷል። የመቆሚያ ነጥቦች ሲበዙ ፊርማ ልማድ ይሆናል፤ ተቆጣጣሪው በቀን 40 ጊዜ ከፈረመ አርባኛውን አያይም። ነጥቦቹ ጥቂት ሆነው ዕቃው ከተከደነ በኋላ ሊታዩ በማይችሉ፣ ሊመለሱም በማይችሉ እርምጃዎች ላይ ቢቀመጡ ይሻላል። ይህን ሐሳብ በሚቀጥለው የሙከራ ዝግጁነት ግምገማ ላይ ቢያቀርቡት ተቆጣጣሪውም ሊደግፍዎት ይችላል።

አሁን ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። የመለኪያዎቹን ልዩነት ዛሬውኑ የመስፈርት መጓደል ሪፖርት ከፍተው ይመዝግቡት፤ የሁለቱንም መለኪያ ጥሬ መረጃ ያያይዙ፣ አንዱም እንዳይሰረዝ። ልዩነቱ ምክንያቱ ታውቆ እስኪዘጋ ድረስ ሣጥኑ ወደ ሙቀትና ቫክዩም ሙከራ አይለፍ፣ ከግቢም አይውጣ። ከመጠን በላይ ተነቅንቆ ከተገኘ ተጨማሪ ንዝረት እንዳትሰጡት፤ ምን ያህል ድካም እንደደረሰበት የስትረስ (በዕቃው ላይ የሚደርሰውን ጫና የሚያሰላ) ባለሙያ አስልቶ እስኪወስን ይጠብቅ። ይቀራል የተባለው ሙከራ ደግሞ በጽሑፍ የተፈቀደ መሆኑን ይጠይቁ፤ ፈቃድ ከሌለ ሙከራው በዕቅዱ መሠረት ይደረግ። ኃላፊዎ በቃል ያሉትን በትሕትና በኢሜይል መልሰው «በትክክል ተረድቼ እንደሆነ» ብለው ይጻፉላቸው፤ ግልባጩን ለጥራት ክፍሉ ያድርጉ፣ ሪፖርቱ የሚቀጥለው ሙከራ ከመጀመሩ በፊት በተቆጣጣሪው እጅ ይግባ።